ጠፍቶ የማይገኝ የመኪና እቃ፦ ከካምፓኒ፣ ከተክለ ሃይማኖት፣ ከሶማሌ ተራ ወይስ ከዱባይ?

መካኒኩ የተበላሸውን እቃ ፈትቶ በፌስታል ጠቅልሎ ሲሰጠው፣ ብዙው የአዲስ አበባ ባለመኪና ፌስታሉን አንጠልጥሎ በቀጥታ ወደ ተክለ ሃይማኖት ወይም ወደ ሶማሌ ተራ ያቀናል፤ ከሱቅ ሱቅ እየገባ «እንደዚህ ያለ አላችሁ?» ሲል ይውላል። ለፍሬን ሸራ፣ ለካንዴላ ወይም ለዘይት ፊልትሮ ከሆነ ይህ አካሄድ ያዋጣል፤ እነዚህ በየመደርደሪያው የሚገኙ ናቸውና። እዚህ የምንነጋገረው ግን ሦስት ቀን ተዞሮ ስለሚታጣው እቃ ነው፤ አንዱ ሱቅ «የለም»፣ ሌላው «ይመሳሰላል፣ ይሞክሩት»፣ ሦስተኛው ደግሞ «ሳምንት ይመለሱ» ስለሚለው ማለቴ ነው። እንዲህ ላለው እቃ በከተማችን አራት ዋና ዋና መንገዶች አሉ፦ ብዙ ሰው በአጭሩ «ካምፓኒ» የሚለው የአምራቹ ወኪል አስመጪ፣ አዳዲስ መለዋወጫ የሚሸጡ የተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሱቆች፣ ያገለገሉ እቃዎች የሚሸጡበት ሶማሌ ተራ፣ እንዲሁም በዘመድ ወይም በነጋዴ በኩል ከዱባይ ማስመጣት።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። እቃው በመጨረሻ ከየትም ይገዛ፣ የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ካምፓኒው የመለዋወጫ መስኮት መሆን አለበት እላለሁ። ምክንያቱም ሌሎቹ ሦስት መንገዶች የሚጠይቁት፣ ነገር ግን ራሳቸው በእርግጠኝነት ሊሰጡ የማይችሉት ነገር ከዚያ መስኮት ይገኛል፤ እርሱም የእቃው ትክክለኛ ቁጥር ነው።

የካምፓኒው መስኮት

በአገራችን ቶዮታን ሞኤንኮ፣ ኒሳንን ኒያላ ሞተርስ፣ ሃዩንዳይን ደግሞ ማራቶን ሞተር በወኪልነት ሲያስመጡ ቆይተዋል። ወኪል አስመጪ ከአንድ ተራ የመለዋወጫ ሱቅ የሚለየው በመጋዘኑ ስፋት ብቻ አይደለም። ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ሠራተኛ የአምራቹን የኤሌክትሮኒክ ካታሎግ መክፈት ይችላል። የሻንሲ ቁጥሩን ሲያስገባ መኪናው የተሠራበት ዘመን፣ ሞተሩ፣ ካምቢዮው እና ለየትኛው ገበያ እንደተመረተ ይታወቃል፤ ከዚያም እያንዳንዱ ክፍል ተበትኖ የተሳለበት ሥዕል ይወጣል፣ በሥዕሉ ላይ ያለ እያንዳንዱ ቡሎንና ጎማም የራሱ ቁጥር አለው። መካኒክዎ «ከመሪው ሥር ያለችው ትንሿ ነገር» ያላት እቃ በዚያ ሥዕል ላይ በጣት ተጠቁማ ስሟና ቁጥሯ ይታወቃል።

የቁጥሩን አሠራር መረዳት በኋላ ሱቅ ለሱቅ ሲዞሩ ይጠቅማል። የቶዮታ ቁጥር በአብዛኛው 10 አሃዝ ሆኖ በመካከሉ ሰረዝ አለው፤ የመጀመሪያዎቹ 5 የእቃውን ዓይነት፣ የሚከተሉት 5 ደግሞ ለየትኛው ሞዴል እንደሆነ ያመለክታሉ። በ04465 የሚጀምር ሁሉ የፊት ፍሬን ሸራ ነው፤ 48510 የፊት ቀኝ ሾክ አብዞርበር፣ 48520 የግራው፣ 16100 ደግሞ የውሃ ፓምፕ ነው። ስለዚህ ሻጩ የሰጠዎት ካርቶን ላይ የመጀመሪያዎቹ 5 አሃዞች ተመሳስለው የኋለኞቹ ከተለያዩ፣ የያዙት እቃ ዓይነቱ ትክክል ቢሆንም ለሌላ መኪና የተሠራ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ልዩነት ሁሉ ስሕተት አይደለም፤ አምራቹ እቃውን አሻሽሎ አሮጌውን ቁጥር በአዲስ የሚተካበት ጊዜ አለና። የትኛው ቁጥር በየትኛው እንደተተካ በእርግጠኝነት የሚያሳየው ያው ካታሎግ ነው። ብዙ ጊዜ «ከገበያ ጠፍቷል» የሚባል እቃ በአሮጌ ቁጥር ስለተፈለገ ብቻ ሳይገኝ የቀረ ነው።

ወደ መስኮቱ ሲሄዱ አሮጌውን እቃ፣ የሊብሬውን ቅጂ እና በመኪናው ላይ የተለጠፈውን ወይም የተመታውን የሻንሲ ቁጥር ፎቶ ይያዙ። ፎቶውን ከሊብሬው ጋር ማስተያየት አይከፋም፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲገለበጥ አንድ ፊደል የሳተ ቁጥር ካታሎጉ አይቀበለውም። በዓለም አቀፉ ባለ 17 አሃዝ የሻንሲ ቁጥር ውስጥ «አይ»፣ «ኦ» እና «ኪው» የተባሉት የላቲን ፊደላት ፈጽሞ አይገቡም፤ ክብ ነገር ካዩ ዜሮ ነው፣ ቀጥ ያለ መስመር ካዩም አንድ ቁጥር ነው። የመካኒክዎን ስልክም ዝግጁ ያድርጉ፤ ሠራተኛው «የላይኛው ነው የታችኛው?» ብሎ የሚጠይቀውን ጥያቄ እርስዎ ላይመልሱት ይችላሉ።

አንዳንድ መስኮት ቁጥሩን ብቻ ለሚጠይቅ ሰው ፊት አይሰጥም፤ ይህም የሚገባ ነገር ነው፣ ሠራተኛው የተቀመጠው ለመሸጥ ነውና። ያለ ጭቅጭቅ የሚፈታው መንገድ ፕሮፎርማ መጠየቅ ነው። ዋጋውን ማወቅ ለማንኛውም ያስፈልግዎታል፤ ለኢንሹራንስ ጥገና ከሆነማ ግድ ነው። በፕሮፎርማው ላይ የአምራቹ ቁጥር መጻፉን ግን ያረጋግጡ።

ካታሎጉ የማያውቀው መኪና

የመስኮቱ ትልቁ ድክመት እዚህ ላይ ነው። በከተማችን ከሚሽከረከሩት መኪኖች ብዙዎቹ በወኪሉ በኩል ያልመጡ፣ አገልግለው ከውጭ የገቡ ናቸው። አምራቾች ካታሎጋቸውን በገበያ ይከፋፍሉታል፤ ለአውሮፓ የተሠራው፣ ለጃፓን የተሠራውና ለሌላው ዓለም የተሠራው በየራሱ ክፍል ይገኛል። ለጃፓን ገበያ የተመረተ መኪና ባለ 17 አሃዝ ቁጥር የለውም፤ የሞዴል መለያና ከሰረዝ በኋላ እንደ አምራቹ 6 ወይም 7 አሃዝ ብቻ ነው ያለው። ሠራተኛው «ቁጥሩ አልገባም» ብሎ ሲመልስዎ ወዲያው ተስፋ አይቁረጡ፤ የጃፓኑን ክፍል መክፈት ይችል እንደሆነ በትሕትና ይጠይቁት።

ለምሳሌ ሁላችንም «ቪትዝ» የምንለውን እንውሰድ። ለአውሮፓ የተሠራው ስሙ ያሪስ ነው፣ ቪትዝ የሚባለው የጃፓኑ ነው። ከ1999 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. የተመረተው ባለ 1 ሊትር ቪትዝ በሻንሲው ላይ «ኤስሲፒ10» የሚል መለያ አለው፣ ሞተሩም ባለ አራት ሲሊንደር ነው፤ ቀጥሎ የመጣው «ኬኤስፒ90» ግን ያው 1 ሊትር ሆኖ ባለ ሦስት ሲሊንደር ነው። «ባለ 1 ሊትር ቪትዝ» ብሎ ብቻ ካንዴላ የሚጠይቅ ሰው አራት ይግዛ ሦስት እንኳ ሻጩ ሊያውቅለት አይችልም፤ ስለ ጓርኒሲዮን (በሞተር ክፍሎች መካከል ስለሚገባው ማሸጊያ) እና ስለ ቴስታታ (ስለ ሞተሩ የላይኛው ክፍል) ማንሳት አያስፈልግም።

ከዚህም የሚብሰው መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪና ነው። ይህን በራሴ ኪስ ነው የተማርኩት። ለአሮጌ መኪናዬ የመሪ ሳጥን ከአንድ ካምፓኒ በትእዛዝ አስመጣሁ፤ ቀብድ ከፈልኩ፣ ወራት ጠበቅኩ፣ እቃው ሲመጣ ለቀኝ መሪ የተሠራ ሆነ። ተቆጥቼ ወደ መስኮቱ ስመለስ ወጣቱ ሠራተኛ ሥዕሉን ወደ እኔ አዙሮ፣ «ጋሼ፣ ቁጥሩ ልክ ነው፤ መኪናው ነው ሌላ የሆነው» አለኝ። እውነቱን ነበር። የሻንሲ ቁጥሩ የሚናገረው መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን እንጂ ከዚያ በኋላ የተደረገበትን አይደለም፤ እኔም መሪው መዛወሩን አልነገርኩትም፣ ለነገሩ እኔም አላውቅም ነበር። ስለዚህ የመሪ ሳጥን፣ የዳሽቦርድ፣ የዝናብ መጥረጊያ ማንቀሳቀሻ ወይም የፔዳል እቃ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ መኪናውን ለጥሩ መካኒክ ያሳይ። የኮፈኑ መክፈቻ በቀኝ በኩል መቅረቱ፣ ወይም መጥረጊያው በቀኝ ለተቀመጠ ሹፌር የተስተካከለ መምሰሉ ጥርጣሬ ይጭራል። እንዲህ ላለው መኪና በመሪ በኩል ያለውን እቃ ከካምፓኒ ባያዙ ይሻላል፤ አሮጌውን ይዞ ሱቅ ለሱቅ መዞር እዚህ ላይ ይረታል። ለሞተሩና ለእግሩ (ጎማዎቹን ለሚይዘው ክፍል) ግን ቁጥሩ እንደታመነ ነው።

በትእዛዝ ከመግዛትዎ በፊት

እቃው በመጋዘን ካለና ዋጋው ከቻሉት በላይ ካልሆነ ነገሩ ያልቃል። ከሌለ ሠራተኛው «በትእዛዝ ይመጣል» ይላል፤ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ። አምራቹ እቃውን አሁንም ያመርታል ወይስ አቁሟል? የሚመጣው በአውሮፕላን ነው ወይስ ከሌላ ጭነት ጋር በጅቡቲ በኩል በመርከብ? በፕሮፎርማው ላይ ያለው ዋጋ እስከ መቼ ይጸናል? ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ እቃው በሚደርስበት ቀን ያው መሆኑን በጽሑፍ ካላረጋገጡ ልዩነቱ ከእርስዎ ኪስ ይወጣል። 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ በዋጋው ውስጥ መካተቱንም እግረ መንገድዎን ይጠይቁ፤ የኤሌክትሪክ እቃ ከተከፈተ በኋላ በብዙ ቦታ እንደማይመለስም ይወቁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ «አቁሟል» ከሆነ፣ ከካምፓኒ መልካም ዜና ባይሆንም ትልቅ ድካም ቀንሶልዎታል። አምራቹ ያቆመውን እቃ አዲስ ኦሪጅናል አድርጎ የሚያመጣልዎ ነጋዴ ወይ ከድሮ ክምችት አለው፣ ወይ ደግሞ እያታለለዎት ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ያገለገለ መፈለግ፣ በሌላ ድርጅት የተመረተውን መግዛት፣ ወይም የሚጠገን ብረት ከሆነ ወደ ቶርኖ ቤት መውሰድ ነው።

ካምፓኒ ውድ ነው የሚለው ወሬ ለትልልቅ እቃዎች እውነት ነው፤ በጥቃቅን እቃዎች ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። የበር ፕላስቲክ የሚይዙ ክሊፖች፣ ልዩ ጥርስ ያላቸው ቡሎኖች፣ የዘይት ማስቀሪያ ጎማዎች፣ የቱቦ ማሰሪያዎች፣ የራዲያተር ክዳን የመሳሰሉትን የመርካቶ ነጋዴ ትርፋቸው ትንሽ ስለሆነ አያስመጣቸውም። አንዲት ክሊፕ ጠፍታ በሽቦ የታሰረ በር፣ አንዲት ጎማ በሲሊኮን ተተክታ ዘይት የሚያንጠባጥብ ሞተር በየጋራዡ ሞልቷል። እኔ ከካምፓኒ መስኮት የገዛኋቸው እቃዎች አብዛኞቹ በመዳፍ የሚያዙ ናቸው፤ ከሁሉም ይበልጥ የረካሁትም በእነርሱ ነው።

ተክለ ሃይማኖት፦ የካርቶኑ ስም

ቁጥሩን ይዞ ወደ ተክለ ሃይማኖት የሚወርድ ሰው ሌላ ሰው ሆኖ ነው የሚወርደው። ሻጩ «ለምን መኪና ነው?» ሲለው «በዚህ ቁጥር» ብሎ ወረቀቱን ይሰጣል፤ ክርክሩም ያጥራል። እዚህ ያለው ጥቅም፣ ለመኪና ፋብሪካዎቹ እቃ የሚያቀርቡት አምራቾች ራሳቸው በራሳቸው ካርቶን የሚሸጡትን ማግኘት መቻሉ ነው። የጃፓኑ አይሲን የውሃ ፓምፕና ፍሪሲዮን፣ ካያባ ሾክ አብዞርበር፣ ኮዮ ኩሺኔታ፣ ዴንሶ ካንዴላና ራዲያተር ለቶዮታ የሚያቀርቡ ናቸው። በመሪና በእግር እቃ ደግሞ «555» የሚለው ምልክት ሳንኬይ የተባለ የጃፓን ድርጅት ነው። ከካምፓኒ ካርቶን ዋጋው ሲያንስ ጥራቱ እምብዛም የማይለይበት ምርጫ ይህ ነው፤ ለአብዛኛው እቃ እኔም የምመርጠው ይህንኑ ነው።

አደጋው የታወቀ ስም ያለው ሁሉ መቀዳቱ ነው። ሻጩ «ኦሪጅናል»፣ «ታይዋን»፣ «ቻይና» እያለ ሦስት ዋጋ ሲጠራ ቢያንስ እውነቱን እየተናገረ ነው፤ የሚያሰጋው ሦስቱንም «ኦሪጅናል» የሚለው ነው። የካርቶኑ ቁጥር በእቃው ላይ ከተመታው ጋር መግጠሙን፣ ፊደሉ የጠራ መሆኑን፣ ብረቱ ላይ የፋብሪካው ምልክት መኖሩን ይመልከቱ። ደረሰኝ የማይሰጥ ሻጭ ዋጋ ቢቀንስልዎ እቃው ቢበላሽ የሚከራከሩበት ነገር የለዎትም።

ሶማሌ ተራ

ፓራውልት፣ በር፣ መስታወት፣ ፓራፋንጎ፣ የውስጥ ፕላስቲክ፣ ወንበር፦ ለእነዚህ ሶማሌ ተራን የሚስተካከል የለም። ለአሥራ አምስትና ለሃያ ዓመት መኪና አዲስ በር ከካምፓኒ ማዘዝ ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ብዙ ጊዜ ትርጉም አይሰጥም። ዲናሞና ሞተሪኖም እዚያው ተፈትሸው ሊገዙ ይችላሉ። የፍሬን እቃ፣ ቺንጋ (የሞተር ቀበቶ)፣ የመሪ መገጣጠሚያና ኤርባግ ግን ያገለገለ አይገዛም፤ በዚህ ላይ ድርድር የለኝም። የሞተር መቆጣጠሪያ ኮምፒውተርም ቢሆን በቁልፍ መለያ የሚሠራ መኪና ከሆነ ከሌላ መኪና የተፈታው እንደ ተገጠመ ላያስነሳ ይችላል፤ ከቁልፉ ጋር የሚያዛምድ ባለሙያ አስቀድመው ያግኙ።

ሙሉ ሞተር ለሚገዛ ሰው ወረቀቱ ከሞተሩ እኩል ነው። የሞተር ቁጥር በሊብሬ ላይ ተመዝግቧል፤ ሲለወጥ መመዝገብ አለበት፣ ለዚያም ሕጋዊ የግዢ ደረሰኝና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ያስፈልጋል። ወረቀት የሌለው ሞተር በርካሽ ተገዝቶ ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብ ጣጣው ይጀምራል። ስለ ስፖኪዮም አንድ ቃል፦ ትናንት ማታ የተነቀለብዎትን ዛሬ ጠዋት መልሰው ገዙ የሚለው የከተማው ቀልድ ያለ ምክንያት አልተፈጠረም። ምንጩን መናገር ከማይችል ሰው የሚገዛ ስፖኪዮ ሌላውን ባለመኪና ያስለቅሳል።

ከዱባይ ማስመጣት

ይህ መንገድ የሚያዋጣው ቁጥሩ በእርግጠኝነት ሲታወቅ ብቻ ነው፤ የተሳሳተ እቃ ተመልሶ አይሄድምና። አዲስ ከሆነ ከዱባይ፣ ያገለገለ ከሆነ ብዙ ያገለገሉ እቃዎች ከሚሸጡባት ከሻርጃ መፈለግ የተለመደ ነው። ቁጥሩን በፎቶ ለዘመድ ይላኩ፤ በቃል አይንገሩ። ዘመድዎን ግን ችግር ውስጥ አይክተቱ፤ ኤርባግና የራሱ ማስፈንጠሪያ ያለው የመቀመጫ ቀበቶ በመንገደኛ ሻንጣ አይፈቀዱም፣ ነዳጅ የነካው ያገለገለ ፓምፕም ሽታው ስለማይለቅ አየር መንገድ ላይቀበለው ይችላል። ጉምሩክ የሚያስከፍለውንም አብረው ያስሉ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ፣ የካምፓኒው ትእዛዝ ቢዘገይም ደረሰኝና ተጠያቂ አለው።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላቸው

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ መወሰኑን በጥር 2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪኖች ተሞልቷል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። የሻንሲ ቁጥራቸው «ኤል» በሚለው የላቲን ፊደል ይጀምራል። የሌላ አገር ካታሎግ ስለማይመለከታቸው የመኪናው ስም የታወቀ ቢሆንም ከቻይና ካልሆነ እቃቸው ላይገኝ ይችላል። የፎክስቫገን አይዲ.4 ባለቤት ደግሞ ሌላም ነገር ይጠንቀቅ። ይህ መኪና በቻይና በሁለት የተለያዩ ሽርክና ፋብሪካዎች፣ ክሮዝ እና ኤክስ በሚሉ ሁለት ስሞች ይመረታል፤ የፊትና የኋላ ፓራውልታቸውም አንድ አይደለም። ከሩቅ ሲታዩ ወንድማማች ስለሚመስሉ ሻጭም ገዢም ይሳሳታል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ከኋላ በር ላይ ያለው የቻይንኛ ጽሑፍ ነው፤ ያንን ጽሑፍ ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር ፎቶ አንሥቶ እቃውን ለሚያስመጣው ነጋዴ መላክ፣ ቀብድ ከመክፈሉም በፊት ነጋዴው ከቻይናው ሻጭ ያገኘውን የእቃ ቁጥር በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል።